አማቴ በልጃቸው ላይ የመሰከሩ ዕለት

ይህን ታሪክ ራቤል ከተማ ውስጥ ግማሹ ሰው ያውቀዋል፤ ግማሹም እንደመሰለው ያወራዋል። እኔ ግን የሆነውን እንደሆነ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ለእናንተ መንገር ይቀለኛል።

ስሜ አስካለ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአንዲት ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ሱፍ እየፈተልኩ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች እሸጥ ነበር። ልጄ እታገኝ አራት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል። ከአፏ ወሬ የማይጠፋ፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ «ቤትህ የት ነው?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ነበረች።

አባቷ ታደለ ወታደር ነው፤ አስር አለቃ። ሁለታችንም የተወለድነው ከጓሳ ሥር ካለች አንዲት የገጠር መንደር ነው። ለፈቃድ በመጣበት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ጠየቀኝ፤ ቤተሰቦቼም ሰጡኝ። ካምፑ ያለበት ከተማ ወስዶኝ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ማዘጋጃ ቤት ሄደን አልተፈራረምንም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተበልቶ፣ ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል ብለን ነው። የሰባት ወር እርጉዝ ሳለሁ «ለሰላም ማስከበር ላይቤሪያ ልንሄድ ነው፤ አንቺ አገርሽ ግቢና ውለጂ» ብሎ አውቶቡስ ላይ አሳፈረኝ። በመስኮት ብርቱካን በፌስታል አቀበለኝና «አይዞሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ መልኩን አላየሁትም።

መጀመሪያ ላይ ይጽፍልኝ ነበር፤ ለልጁም ይልክ ነበር። ከዚያ ደብዳቤው ሳሳ፣ ቀጥሎም ቀረ። ጓዶቹ ሲመለሱ እሱ ቆይታውን አስረዝሞ እዚያው እንደሆነ ሰማሁ። ሌላ ሴት መያዙንም ሰማሁ። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ልጄ ሳል ይዟት ሦስት ሳምንት ሙሉ ጤና ጣቢያ ስንመላለስ ነው ያልቻልኩት። ያን ጊዜ የልጅ ቀለብ ይቁረጥልኝ ብዬ ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰስኩ።

መጥሪያው በጦር ክፍሉ በኩል ሄደ። ከስንት ወር በኋላ መልሱ መጣና ዳኛው አነበቡልኝ። ዳኛው ወጣት ናቸው፤ ከእኔ ቢበልጡ በአምስት ዓመት ነው።

«ተከሳሽ ከከሳሽ ጋር በትዳር አልኖርኩም፣ ከእሷ የወለድኩትም ልጅ የለም ይላል» አሉኝ።

«እባክዎ ይድገሙልኝ።»

ደገሙልኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ቀስ ብለው ነው ያነበቡት። ከዚያ «ምስክር አለሽ?» ብለው የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጡኝ።

ምስክር ፍለጋ ወጣሁ። የሰጡኝ ወላጆቼ ሁለቱም ሞተዋል። በካምፑ ከተማ የሚያውቁን ሰዎች የት እንደተበተኑ አይታወቅም። ለጋብቻ ከተላኩት ሽማግሌዎች አንዱ ሞተዋል። ሌላኛው «ልጄ፣ ከቄስ ወልደ ሐና ቤት ጋር አታጣይኝ። ነገ ቀባሪዬ እኮ እሳቸው ናቸው» አሉኝ። ጎረቤቶቼም እንዲሁ። ሁሉም እውነቱን ያውቃሉ፤ ሁሉም ያዝኑልኛል፤ የሚመጣ ግን የለም። በመጨረሻ የቀሩኝ አንድ ሰው ብቻ ሆኑ፤ ራሳቸው ቄስ ወልደ ሐና፣ የታደለ አባት።

ቀጠሮው ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄን አዝዬ ተነሣሁ። ወሩ ኅዳር ነው። ሜዳው ላይ ውርጩ ገና አልረገፈም ነበር። ግማሽ ቀን በእግር ተጉዤ ስደርስ አማቴ አውድማ ላይ ገብስ ይከምራሉ። ሲያዩኝ መንሻቸውን አስቀምጠው መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እታገኝንም ግንባሯን ባረኩና በክርስትና ስሟ «ወለተ ሥላሴ፣ እንዴት አድገሻል!» አሏት።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ግን ከደጃፉ አልተንቀሳቀሱም።

«ለምን እንደመጣሽ እናውቃለን» አሉኝ። «ልኮብናል። አስካለ የምትባል ሴት ብትመጣ አታስገቧት ብሎናል።»

«አስካለ የምትባል ሴት?» አልኩ። «እትዬ፣ የእርስዎን ልጅ አግብቼ እዚህ ቤት ውስጥ አርባ ቀን ሙሉ ያረሱኝ እርስዎ አይደሉ? ገንፎዬን ያገነፉት እርስዎ አይደሉ?»

እትዬ ጥሩነሽ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀሰሩ። «ይህን ቆርቆሮ ማን መታልን? ልጄ ነው! ደብረ ብርሃን እህቱን ማን ያስተምራታል? እሱ ነው! አባት በልጁ ላይ ይቁም ብለሽ ነው የመጣሽ? አታፍሪም?»

ወደ አማቴ ዞርኩ። «አባባ፣ ልጅ የለኝም ብሎ ጽፏል። ከነገ ወዲያ ምስክር ካላቀረብኩ መዝገቡ ይዘጋል።»

የጥምጥማቸውን ጫፍ ሲያስተካክሉ ቆዩና «ካህን አይምልም፣ አስካለ» አሉ። «ችሎት ገብቶ እጁን አንሥቶ አይምልም። ይህን ታውቂያለሽ።»

«ይማሉልኝ አላልኩዎትም። የሚያውቁትን ይናገሩልኝ ነው ያልኩዎት።»

«የማውቀውማ ብዙ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወንድ ልጄ ግን አንድ ነው።»

ከዚህ በኋላ ምን እላለሁ? ልጄን መልሼ አዘልኳት። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ፤ ለእታገኝም ቆሎ ቋጠሩላት። «እግዜር እውነቱን ያውቃል» አሉኝ።

«እግዜርማ ያውቃል፤ የማያውቁት ዳኛው ናቸው» ብያቸው ሄድኩ። በሕይወቴ ለካህን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። እታገኝ ከጀርባዬ ሆና ቆሎውን አንድ በአንድ ወደ አፌ ታቀብለኝ ነበር።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ውስጥ ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ባለጉዳይ ሞልቷል። ልጄን የማስቀምጥበት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት ገባሁ። አራት ሰዓት ላይ ስሜ ተጠራ።

«ምስክርሽን አቅርቢ» አሉ ዳኛው።

«የለኝም።»

«አንድም?»

«አንድም። የሚያውቁ አሉ፤ የሚመጣ አጣሁ።»

ዳኛው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አስካለ፣ እኔ የምፈርደው መዝገቡ ላይ ባለው ነው። በልቤ ያለውን ልፍረድ ብል አልችልም። ተረጂኝ።»

«ገብቶኛል» አልኩ። ምንም አልገባኝም ነበር። ብዕራቸውን መልሰው ሲያነሡ እጃቸውን ብቻ ነበር የማየው።

ከበሩ በኩል የፖሊሱ ድምፅ ተሰማ። «አባቴ፣ ችሎት ላይ ናቸው፤ ትንሽ ይቆዩ።»

«ልቆይ አልመጣሁም ልጄ። አሳልፈኝ።»

ዞር ስል ቄስ ወልደ ሐና ናቸው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ ከጋቢያቸው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። በጨለማ ተነሥተው ወንዝ ተሻግረው ነው የመጡት። እታገኝ «አባባ!» ብላ ጮኸች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው።

ዳኛው ወደ ፊት እንዲቀርቡ ነገሯቸው። ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ከጠየቁ በኋላ «ከተከሳሽ ጋር ዝምድና አለዎት?» አሏቸው።

«አባቱ ነኝ።»

«ከከሳሽስ ጋር?»

አማቴ አዩኝ። «የልጄ ሚስት ናት።»

ከኋላዬ አንድ ሰው «ወይ ጉድ» አለ። ዳኛው ከመዝገቡ ቀና አሉ። «አባቴ፣ የሚመሰክሩት በልጅዎ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ? ተገድደው ነው ወይስ በፈቃድዎ?»

«ማን ያስገድደኛል? በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ጸሐፊዋ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው እንዲምሉ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ካህን አይምልም። የማውቀውን ግን እናገራለሁ፤ ብዋሽ ይህ በእጄ የያዝኩት መስቀል ይፋረደኝ።» ዳኛው ለጸሐፊዋ «እንዲሁ ይመዝገብ» አሏት።

ከዚያ ተናገሩ። ሽማግሌ መላካቸውን፣ ድግሱን፣ ከካምፕ እርጉዝ ሆኜ መምጣቴን፣ እሳቸው ቤት መታረሴን፣ ልጅቷን ራሳቸው ማጥመቃቸውን አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ ከዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይህ የእጁ ጽሑፍ ነው» ብለው ሰጡ። ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«አባባ፣ ሴት ልጅ ተወለደች ብለው ስለጻፉልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ያስነሡልኝ። ስሟን እታገኝ ብያታለሁ።»

ይህን እኔ አላውቅም ነበር። ስሙን ያወጡላት አያቷ ይመስሉኝ ነበር። አሁን «አላውቃትም» የሚለው ሰው፣ ያኔ በባዕድ አገር አንድ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ ስም ሲመርጥላት ታየኝ። ከመካዱ ይልቅ ያን ጊዜ እንደወደዳት ማወቄ ባሰብኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ይህ ደብዳቤ እያለዎት ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?» ብለው ጠየቋቸው ዳኛው።

አማቴ ዱላቸውን ተደገፉ። «ዝም ልል ቆርጬ ነበር። ትላንት የደብራችን ወርኃዊ በዓል ነበር። እንደ ወትሮዬ የቤተሰቤን ስም በጸሎት ስጠራ እሷ ላይ ደረስኩ። ዘለልኳት። ወለተ ሥላሴን ዘልዬ ወደ ሌላው አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ መቀጠል አቃተኝ። ሌላ ካህን ነው የጨረሰልኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ ዋሽቷል፣ ጌታዬ። ልጅቷ የልጄ ልጅ ናት።»

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ዳኛው ለውሳኔ ቀጥረው አሰናበቱን።

ውጭ ስንወጣ እግራቸው ላይ ልወድቅ አልኩ። ያዙኝ። «ቆይ፣ ገና አልጨረስንም» አሉኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ታደለ ይደውላል። ቴሌ ቤት ጠብቁኝ ብሎ ጥሪ ልኮብኛል። ልጅቷን ይዘሽ ተከተይኝ።»

ያኔ በእጅ ስልክ የሚነጋገር ሰው እዚያ አገር አልነበረም። የሩቅ ሰው ሲፈልግህ በቴሌ ቤት የጥሪ ወረቀት ይደርስሃል፤ በሰዓቱ ሄደህ ትጠብቃለህ። እኛም ሄደን ጠበቅን። አማቴ እህል አልቀመሱም፤ ዳቦ ልግዛልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። «ቄስ ወልደ ሐና፣ ሳጥን አንድ» ብላ ኦፕሬተሯ ስትጣራ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ሳጥኑ ጠባብ ነው፤ የስልኩም ድምፅ ጮክ ብሎ ይሰማል። ከአራት ዓመት በኋላ የታደለን ድምፅ ሰማሁ።

«አባባ! ደህና ነዎት? እማማስ?»

«ደህና ነን። አንተስ?»

«ደህና ነኝ። አባባ፣ ያች ሴትዮ መጥታ ነበር አሉ። ፍርድ ቤት ብትጠራዎት እንዳይሄዱ። ጊዜው ካለፈ መዝገቡ ይዘጋል ብለውኛል።»

«ሄጄ መጣሁ።»

«የት?»

«ፍርድ ቤት።»

መስመሩ ውስጥ ሹክሹክታ የሚመስል ነፋስ ብቻ ነበር። «ምን ብለው?»

«ያየሁትን። ደብዳቤህንም ሰጥቻለሁ።»

«አባባ!» አለ። እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። «ምን አደረጉኝ? እኔ እዚህ ሌላ ኑሮ ይዣለሁ! ያንን ቤት ቆርቆሮ ያለበስኩት እኔ! እህቴን የማስተምር እኔ!»

«ቆርቆሮውን አንሥቼ በሣር ልክደነው እችላለሁ፣ ታደለ። ልጅቷን ግን የት ልጣላት?»

«እንግዲያው እሷን ይዘው ይኑሩ። ከዛሬ ወዲያ አባት የለኝም።»

አማቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንተ አባት ባይኖርህ እኔ ልጅ አለኝ። ልጄ ነህ። ቆይ፣ እንዳትዘጋ። እዚህ አለች። ድምፅዋን ስማ።» ጎንበስ ብለው እጀታውን እታገኝ ጆሮ ላይ አደረጉት። «አባትሽ ነው፤ አናግሪው።»

ልጄ ሁለት እጇን ሰብስባ ያዘችው። «አባዬ ነህ?» አለች። «እኔ እታገኝ ነኝ። እማዬ ሱፍ ስትፈትል እኔ ልቃቂቱን እይዝላታለሁ። አሁን አላስልም፤ ድኛለሁ። ቤትህ የት ነው? ሩቅ ነው? አባባ በጭቃ መጣ። አንተ መቼ ትመጣለህ?»

ከእጀታው የሚወጣውን ድምፅ እስከ ቆምኩበት ድረስ እሰማዋለሁ። ቱ፣ ቱ፣ ቱ። ከመጀመሪያው ቃሏ በፊት ዘግቶት ነበር። ኦፕሬተሯ ከመስታወቱ ማዶ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ውጡ አላለችንም። እታገኝ ስለ ባልቴቷ ድመት ነገረችው፤ ስለ ጤና ጣቢያው መርፌ ነገረችው። ሲበቃት «እሺ» ብላ እጀታውን ለአያቷ መለሰች።

«ምን አለሽ?» አሏት።

«ቱ ቱ ቱ ይላል። እዚያ አገር እንደዚያ ነው የሚወራው?»

አማቴ እጀታውን ቦታው ላይ ሰቀሉት። «አዎ፣ ልጄ» አሏት። «እዚያ አገር እንደዚያ ነው የሚወራው።»

ጠዋት በችሎት ፊት በመስቀላቸው እውነቱን የተናገሩት ካህን ያን ቀን የዋሹት እሷን ብቻ ነው።

ውሳኔው ለእኔ ሆነ። ልጅቷ የታደለ ናት ተባለ፤ ከደሞዙ ተቆርጦ ለቀለብ እንዲሰጥም ለጦር ክፍሉ ትእዛዝ ተጻፈ። መልሱ ሲመጣ ቀሪውም ጦር ወደ አገር መመለሱን፣ አስር አለቃ ታደለ ግን አብሮ አለመመለሱን ይናገራል። እዚያው ቀርቷል። ከዚያም ወደ ሌላ አገር ተሻግሯል ሲሉ ሰምቻለሁ። የፍርዱ ወረቀት አሁንም አለኝ፤ ማኅተሙ ገና አልደበዘዘም።

ያ ምስክርነት ያስከፈለው ግን እኔን አይደለም። ታደለ ለቤተሰቡ መላክ አቆመ። ደብረ ብርሃን ትማር የነበረችው እህቱ ትምህርቷን አቋርጣ ተመለሰች፤ በዓመቱም ተዳረች። እትዬ ጥሩነሽ ለባላቸው እህል ያቀርባሉ እንጂ አያነጋግሯቸውም ነበር። አማቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ወደ እኛ ይመጡ ነበር። አንዴ ገብስ፣ አንዴ ድንች፣ አንዴ በግ እየጎተቱ ይመጣሉ። አንድም ቀን ስለ ታደለ ክፉ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። እታገኝን ትምህርት ቤት ያስመዘገቧት እሳቸው ናቸው። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲል «ታደለ ብለህ ጻፍ» አሉ፤ «አያት ወልደ ሐና።»

እሷ ሰባት ዓመት ሆኗት ሁለተኛ ክፍል እያለች አረፉ። ለታደለ ማን ይንገረው? ያለበትን የሚያውቅ አልነበረም። ቀብሩ ላይ እትዬ ጥሩነሽ እየተደገፉ ወደ እኔ መጡ። ሊያቅፉኝ መስሎኝ ነበር።

«ሁለቱንም ወሰድሽብኝ» አሉኝ። «አንዱን በሕይወት ሳለ፣ አንዱን በሞት።»

እሳቸውም እኮ እናት ናቸው። እኔ ለልጄ ስሟገት እሳቸው ልጃቸውን አጡ። ይህን ሳስብ ዛሬም እንቅልፍ አይወስደኝም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን በፊት ፍርድ ቤት ማለት የተነጠቅሁትን የሚመልስልኝ ቦታ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ሄጄ ያገኘሁት ግን አንድ ሽማግሌ ሰው እውነት ለመናገር ምን ያህል ሊያጣ እንደሚችል ነው። ከዚያ ወዲህ የተበደለች ሴት «ያየሽውን መስክሪልኝ» ስትለኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። በዚህም ጎረቤት አኩርፎኛል፤ ደንበኛም አጥቻለሁ። እናንተንም እንዲህ አድርጉ አልላችሁም፤ ቀላል ነገር አይደለም። ብቻ አንዲት ሴት ምስክር አጥታ ችሎት ፊት ብቻዋን ስትቆም እጇን የት እንደምታደርግ እንደሚጠፋት ልነግራችሁ እፈልጋለሁ።

እታገኝ አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ሁሉንም ነገርኳት። የስልኩንም ጭምር። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ባትከሺው ኖሮ አንድ ቀን ይመጣ ነበር?»

ለእሷ መዋሸት እችል ነበር። አያቷ እንኳ ዋሽተውላታል። እኔ ግን አቃተኝ።

«አላውቅም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ወደ ውጭ ወጣች። ብርዱ ከባድ ስለነበር ነጠላዬን ይዤ ተከተልኳት። ደጃፉ ላይ ቆማ መንገዱን እያየች ነበር።